በጥንቸሎቹ ቤት ግድግዳ ውስጥ የተገኘው ድንጋይ

ሶሌን የጥንቸሎቹን ቤት ስትጠርግ አካፋው ግድግዳውን ገጨውና አሮጌው ልስን ተዘረገፈ። ከሥሩ ብቅ ባለው ድንጋይ ላይ የወፍ እግር የመሰለ ምልክት ተቀርጿል። ልጅቱ ደርቃ ቀረች።

ምልክቱን ታውቀዋለች። ትንሽ ሳለች አያቷ ፌርናን ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ በመንደራቸው ያለው የፈረሰ ግንብ ጠመዝማዛ ደረጃ ላይ በጣቷ ያስነካት ነበር። የጥንት ግንበኛ ሥራው ከሌላው እንዳይቀላቀልበት ድንጋዩ ላይ የራሱን ምልክት ይቀርጻል፤ የዚህኛው የወፍ እግር ነው። ያኔ ድንጋዩ ጣት ላይ ይቀዘቅዛል፣ የሽማግሌው ባርኔጣ ትምባሆ ትምባሆ ይሸታል፣ ቁራዎቹ ከላይ ይንጫጫሉ። እንደዚያ ያለ ከሰዓት ዛሬ ከየት ይመጣል?

ፌርናን አርባ ዓመት ሙሉ እንግዳ ሲያስጎበኝ፣ የምሥራቁን ማማ እንግሊዞች ከበው እንዳፈረሱት ሲያወራ ኖሯል። አወራሩ ደግሞ አፍ ያስከፍታል፤ ውሸት ሲያረጅ እንደ ወይን ይጥማል። አሁን ጉልበቱ ከድቶታል። ነገ የቅርስ ቀን ነው፤ የምታስጎበኘው ሶሌን ናት፣ እሱ ተቀምጦ ሊሰማት። ታዲያ እንግሊዝ ያፈረሰው ማማ ድንጋይ በጥንቸል ቤት ግድግዳ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ጓደኛዋ ቲቦ ስትነግረው ሳቀባት። የእነ ቲቦም ምድጃ ከዚያው ከማማው ድንጋይ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ አፉን ግን ሰፍቶታል።

«ፋራ አትሁኚ። እንግሊዞቹን አውሪላቸውና ውረጂ። ሽማግሌውን በሰው ፊት ልታዋርጂው ነው?»

እራት ላይ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ አያቷን ጠየቀችው።

«አባባ፣ ማማውን ማን አፈረሰው?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ድንጋዩ።»

የፈረንሳይ ንጉሥ ከዙፋን ወርዶ ግንቡ ባለቤት ካጣ በኋላ፣ ቅድመ አያቶቹ በሬ ጠምደው ሁለት ክረምት ሙሉ የማማውን ድንጋይ እንዳጋዙ ነገራት። ገመዱ እንዴት እንደሚታሰር፣ ቁልቁለቱ ላይ ጋሪው በሬውን እንዳይቀድም ከኋላ ስንት ሰው እንደሚጎትት ሲያወራ እጆቹ ወጣት ሆኑ። የመንደሩ ቤት ያኔ ጭቃ ነበር፣ ዝናብ የሚበላው።

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«ለበሬና ለጋሪ ብሎ ከፓሪስ ድረስ የሚመጣ አለ እንዴ? ደግሞ ድንጋዩን ወሰድን ለማለት አፈርኩ።» ዳቦውን ቆረሰና ሳይበላው ተወው። «እንደ ልብሽ አድርጊ። እኔ አላኮርፍም።»

ሊያኮርፍ እንደሚችል ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

በማግሥቱ እንግዶቹ ፍርስራሹ ሥር ቆሙ። ቲቦ ከኋላ ሆኖ ቅንድቡን ያነሳባታል።

«ጠላት አልመጣም» አለች ሶሌን። «ማማውን ያወረድነው እኛ ነን፤ ዝናብ የማይበላው ቤት ስላልነበረን።»

ማንም አልሳቀም። ፌርናን መሬት መሬት ያያል።

«እንዴት እንዳወረዱት ግን እኔ አላውቅም፤ የሚያውቀው አያቴ ነው» አለችና ዞረችለት። እንግዶቹም አብረው ዞሩ። እሷ ቦታውን ለቀቀችለትና እስኪጀምር ቆማ ጠበቀችው።