ሱልጣናና የአሰብ መንገድ ሾፌር

«አንተ ሰውዬ! ክዳኑን እንዲህ ግጥም አድርገህ ዘግተህ ምን እንዲሆኑ ጠብቀህ ነበር?»

የከባድ መኪና ሾፌሩ አብዱሰላም ደነገጠ። የመስታወቱን ዕቃ ከአሰብ እስከ ሎጊያ፣ በዚያ ሐሩር፣ ከጎኑ አስቀምጦ እየሳሳለት ነበር ያመጣው። ለሚያድርበት ሆቴል ጌጥ ይሆናሉ ያላቸው ሁለት ቢጫ ዓሦች ግን ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

«እኔማ... ውሃው እንዳይፈስ ብዬ ነው።»

«እነሱስ መተንፈስ የለባቸውም?»

የምትቆጣው የባለሆቴሉ የሀሰን ልጅ ሱልጣና ናት። ታለቅሳለች ብሎ ሲሰጋ፣ ምላጭ አምጥታ አንዱን ዓሣ ሳህን ላይ ሰነጠቀችው።

«እይ፣ በዚህ ነው የሚተነፍሱት» አለች፣ ቀዩን ስንጥብ እየገለጠች።

አብዱሰላም ግን ያየው ዓይኗን ነበር።

ጊዜው 1975፣ የክረምት መግቢያ ነው። ሱልጣና ደሴ አክስቷ ዘንድ ሆና አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ትጠብቃለች። ባሕርን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ምኞቷ ግን አንድ ነው፤ የባሕር ፍጥረታትን ማጥናት።

ከዚያ ወዲያ አብዱሰላም ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም። የአፋር ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን የባሕር ፍጥረት ለቅሞ፣ ጨው ነስንሶ ያመጣላታል።

«የት ተያዘ? ጥልቀቱስ?» ትለዋለች።

 እሱም አጥማጆቹን እየጠየቀ፣ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጽፎ ይመጣ ጀመር። እሷም እየሳቀች ደብተሯ ላይ ትገለብጠዋለች።

መስከረም ላይ አስመራ ዩኒቨርሲቲ መመደቧ ተሰማ። በዚያው ሳምንት አባቷ ጠራት።

«ትምህርቱ ይቅርብሽ። አብዱሰላም ሽማግሌ ልኳል፤ እኔም እሺ ብያለሁ።»

ሱልጣና እየሮጠች አብዱሰላም መኪና ድረስ ሄደች።

«ያን ሁሉ ያመጣህልኝ ቤት ልታስቀምጠኝ ነው?»

«ሱልጣና፣ እስቲ ስሚኝ...»

«ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!»

በሩን ዘግታ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አብዱሰላም ሎጊያ ማደሩን ተወ፤ ነዳጅ እንኳ ሎጊያን አልፎ ሚሌ ይቀዳ ጀመር።

የምዝገባው ቀን ሲቃረብ የልጅነት መምህሯ ጋሽ አምባዬ መጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እሳቸው ነበሩ።

«መቼ ነው የምትነሺው?»

«ወዴት?»

«አስመራ ነዋ! ልጁ እኮ ‹ኒካሁ ተምራ ስትጨርስ ይሁን፤ ብቻ አባቷ እንዳያስቀሯት ለምኑልኝ› ብሎ ነው የላከን። ለአባትሽ በአፌ ነግሬዋለሁ።»

ሱልጣና ወደ አባቷ ዞረች።

«አባባ... እውነት ነው?»

ሀሰን አቀረቀረ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ርቀሽ እንዳትሄጂብኝ ብዬ... ግማሹን ዋጥኩት።»

አብዱሰላም የመኪናው ካምቢዮ ተሰብሮበት አዋሽ ቆሟል ተባለ። አስመራ የሚኬደው አዋሽን አልፎ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው። በማግሥቱ ሀሰን ልጁን ከነሻንጣዋ ይዞ ራሱ ተነሳ። አብዱሰላምን በግራሶ ቅባት ተጨማልቆ መኪና ሥር ተኝቶ አገኙት።

ሀሰን ቀድሞ ተናገረ። «አውፍ በለኝ፣ ልጄ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ አባባ፣ አላህ አውፍ ይበለን!» አለ አብዱሰላም፣ ደንግጦ እየተነሳ።

ሱልጣና እንባዋ ቀደማት። «ለምን አልነገርከኝም?»

«መች አስተነፈስሽኝ!»

ሁሉም ሳቁ።

«አራት ዓመት ነው እኮ... ትጠብቀኛለህ?»

«አሰብ ላይ ጭነት ለማግኘት ስንት ቀን እንደምንሰለፍ ብታውቂ አትጠይቂኝም ነበር።»

ጠበቃት። በ1979 ተመርቃ ሎጊያ ላይ ኒካህ ታሰረ፤ ሀሰንም ደስታውን አልቻለውም። ሥራዋ አሰብ፣ ዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ሆነ።

አንድ ጁምዓ፣ ከሰላት በኋላ፣ ባሏን በጀልባ ይዛው ወጣች። ዕድሜውን ሙሉ ከወደብ ሲጭን የኖረው ሰው ባሕር ላይ ወጥቶ አያውቅም። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ሱልጣና፣ ጥልቅ ነው እኮ!»

የመጥለቂያ መነጽሯን አድርጋ ወረደች። ብቅ ስትል ፊቷ ላይ ያለው እንባ ይሁን የባሕር ውሃ አይለይም።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«አልሐምዱሊላህ ነው የምለው። አባባን፣ ጋሽ አምባዬን፣ አንተን... አላህ ያቆይልኝ። ባትቆሙልኝ ይህን መች አየው ነበር?»

መነጽሩን አውልቃ ዘረጋችለት።

«እንካ፤ አንተም እይልኝ።»

አብዱሰላም እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። «ቢስሚላህ» አለና ፊቱን ባሕሩ ውስጥ ነከረ።