ከጥያቄው የቀደመ ድግስ

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ውዳሴና መሐሪ ግን ለመተዋወቅ ኖርዌይ ድረስ መሄድ ነበረባቸው። እሷ በርገን ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት፤ እሱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። አንድ ዝናባማ ማለዳ ትኬቷ ጠፍቶባት ቦርሳዋን ስትበረብር «ውይ ድንግል ማርያም!» አለች። ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አያት።

«እመቤቴን የጠራ ተሳፋሪ አላወርድም» አለ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«የየት አገር ሰው ነህ?»

«የቡሬ።»

ሳቋ አመለጣት። የተሳፋሪው ሁሉ ዓይን እነሱ ላይ ሆነ፤ የእነሱ ዓይን ግን እርስ በርሱ ተያይዞ ቀረ። እንዲያ እንዲያ እያለ ፍቅር ሆነ፣ ፍቅሩም ጊዜውን ጠብቆ ወደ ቀለበት ደረሰ። በጥር ወር ሁለቱም ፈቃድ ወስደው አገር ቤት ገቡ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ድግሱን የደገሰችው ውዳሴ ናት፤ ያውም ከበርገን ሆና በስልክ። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ መንደር ለሚኖሩት ለእናቷ ለታንጉት ቀኑን ነገረቻቸው። ድንኳን ተያዘ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ በሬ ተገዛ፣ ዘመድ ተጠራ። ሽማግሌዎች ከቡሬ መጥተው ይጠይቃሉ፣ ወዲያው ምሳ ይበላል፣ ቀለበት ይታሰራል። በአጭር ፈቃድ ለሚመጣ ሰው ይህ ብልህነት ይመስላል። ግን የጎጃም አባት ሳይለመን ልጅ አይሰጥም፤ ድግስም የሚታሰበው አባት ከፈቀደ ወዲያ ነው። ይህን ውዳሴ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ርቃ ስትኖር ተረሳት።

ከቤት ማንም ያልነገራቸው አባቷ አያ ላቀው ነገሩን የሰሙት ወፍጮ ቤት ነው። አንድ ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለዎት!» ቢላቸው፣ «በምን?» አሉ። ሲነገራቸው ዱቄታቸውን ሳይወስዱ ወደ ቤት ተመለሱ። ለማንም ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪያቸው መሪጌታ ገብረሰንበት ከአጥሩ በር ቆመው በወጉ ተናገሩ። «ደጅ ልንጠናዎ መጥተናል፤ ልጅዎን ውዳሴን ለልጃችን ለመሐሪ እንዲሰጡን ቆመን እንለምናለን።»

አያ ላቀው ድንኳኑን አዩ፣ የታሰረውን በሬ አዩ።

«ድንኳን ተተክሎ፣ በሬ ታስሮ ምን ይጠየቃል? የጠራችሁን ጠይቁ። እኔ የምሰጠው ልጅ የለኝም» አሉና ወደ ሽንኩርት ማሳቸው ሄዱ።

ታንጉት ወደ ጠላው ጋን እያዩ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ። ለልጃቸው ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም።

የውዳሴ ፈቃድ በሳምንቱ ያልቃል። መንገዱም በጸጥታው ሳቢያ አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ፣ ሽማግሌ ቡሬ ከገባ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቀው እግዜር ነው። ባጃጅ ይዛ ወደ ፍኖተ ሰላም ከነፈች። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይመጣምና መሐሪ የሚጠብቃት እዚያ ነበር። አስፋልቱ ዳር ቆሟል። ፊቷን እንዳየ ገባው።

«ምን አሉ?»

«የምሰጠው ልጅ የለኝም አሉ።»

«እንዲህ አምሮብኝ ሳያዩኝ?» አለ፣ ሊያስቃት። አልሳቀችም።

«ጥፋቱ የኔ ነው መሐሪ። አባቴን በገዛ ቤታቸው እንግዳ አደረግኋቸው።»

«ማዘጋጃ ቤት ሄደን መፈራረም እንችላለን እኮ። ልጆች አይደለንም» አለ መሐሪ።

ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ያንን አስተያየት ሊችለው አልቻለም።

«ተይው፣ አልተናገርኩም» አለ። «አባትሽ ያዘኑበት ትዳር ለኔም አይጥመኝ።»

«ድግሱን አፈርሰዋለሁ። ያለ ቀለበት ብንመለስስ?»

«እኔ በርበሬ ሲሰጣ እያየሁ ያደግሁ የቡሬ ልጅ ነኝ። ሳይደርቅ የሰበሰበው ሰው የሚያተርፈው ሻጋታ ነው። እጠብቅሻለሁ። መሪጌታንም ዛሬ እዚሁ እንዲያድሩልኝ እለምናቸዋለሁ፤ የተቆጣ አባት ደጅ ላይ እንደገና መቆም አያሳፍርም።»

እጇን ያዘ። ሰው በሚያይበት አደባባይ ነበር፤ አልነጠቀችውም። እንደዚያች ሰዓት ወድዳው አታውቅም።

ወደ ቤት ተመልሳ ድንኳኑን አስነቀለች፣ የተጠሩትን ይቅርታ ጠይቃ ሸኘች፣ በሬውን ከከብቶቹ ጋር ቀላቀለች። ከዚያ ወደ ማሳው ወረደች። አያ ላቀው ቦዩን እየጠረጉ ነበር።

«አባዬ፣ ድንኳኑ ፈርሷል።»

«ጠላውስ?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ለነገው ሰንበቴ ይሁን ብያለሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «መሐሪን እወደዋለሁ። እርስዎ ሳይፈቅዱ ግን አላገባውም። ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ይሆናል።»

ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ወፍጮ ቤት ሰማሁ እኮ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «ስትሄጅ ቅሪ አላልኩሽም። የልጄን ወግ በዓይኔ ባላይ አንዲት ነገር ቀርታልኛለች እል ነበር፤ ሰው ደጄ ቆሞ ልጄን ሲለምነኝ መስማት። እሷንም በስልክ ጨረስሽብኝ!»

ውዳሴ እያለቀሰች እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ተነሽ፣ ተነሽ፤ ጭቃ ነው» አሉና ክንዷን ይዘው አነሷት። ከዚያ ወደ ቦያቸው ተመለሱ። ይቅር ይበሏት አይበሏት ሳታውቅ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደገና ከበሩ ቆሙ። አያ ላቀው ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ።

«እናንት ሰዎች፣ ከየት ናችሁ?» አሉ፣ አይተዋቸው እንደማያውቁ።

መሪጌታ ገብረሰንበት ሳቃቸውን ዋጡ። «ከቡሬ ነን፣ ጌታዬ። ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን።»

«አልሰማሁም።»

መሪጌታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። አያ ላቀው ጸሐዩ ላይ አቁመው ስለ ዘሩ፣ ስለ አመሉ፣ ስለ ሃይማኖቱ አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ቀጥሎ «ከዘመድ ልምከርበት» ብለው ቀን እንደሚቀጥሩ ሁሉም ጠበቀ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ውዳሴም ጓዳ ሆና ታዳምጣለች።

«ውዳሴ!» ሲሉ ተጣሩ።

ልጅ በራሷ ሽምግልና ላይ አትቀርብም። ነጠላዋን ሳታስተካክል ወጣች።

«እነዚህ ሰዎች አንቺን ነው የሚሉኝ» አሉ አያ ላቀው። «ሳልጠየቅ ቀረሁ ብዬ ስከፋ አደርሁ። ለካ እኔም አንቺን አልጠየቅሁሽም። ልጄ፣ ይህን ሰው ትፈልጊዋለሽ?»

የውዳሴ ዓይን እንባ ሞላ።

«እፈልገዋለሁ፣ አባዬ።»

አያ ላቀው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ሰምታችኋል። ሰጥቻለሁ። በሉ ግቡ፣ ቆማችሁ አትቅሩ!»

የታንጉት እልልታ ግቢውን ሲሞላው ውዳሴ ወደ ጓዳ ሮጣ ስልኳን አነሳች። ገና አንዴ ሳይጮህ ተነሳ።

«መሐሪ፣ ና» አለች። «አባቴ ይጠሩሃል።»