ለቁጥር ያህል

ኢንጂነሩ ሞቶ የተገኘው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ድርጅቱ ዕቃውን ከሚያሳይበት ቡዝ ጀርባ ባለችው ጠባብ የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ በባዶ ካርቶኖች መካከል በጎኑ ወድቆ ነው። ያገኘችው የድርጅቱ የማርኬቲንግ ባለሙያ ናት። የቴክኖሎጂ ፌስቲቫሉ ሊዘጋ ሲል የተረፉትን በራሪ ወረቀቶች ልታስቀምጥ በሩን ከፈተች፤ ወረቀቱ መቼ ከእጇ እንደወደቀ አታውቅም።

ሦስት ቀን ሙሉ አዳራሹ ሰው በሰው ላይ ነበር። እግሯ አብጦ፣ ድምጿ ተዘግቶ፣ ለነፃ ቦርሳ የሚጋፋውን፣ አንዲት ነገር ሳይጠይቅ እስክሪብቶ አፍሶ የሚሄደውን ሁሉ በፈገግታ አስተናግዳለች። የምታየውንም «የፌስቲቫሉ ትዝብቴ» እያለች በድርጅቱ ገጽ ላይ ትጽፍ ነበር። የዛሬው ጽሑፏ «ቡዛችን በሰው ተጥለቅልቋል» ይላል። እውነቱ ሌላ ነው። የተጥለቀለቀው ፊት ለፊታቸው ያለው፣ ሮቦት የሚያስጨፍረው ቡዝ ነበር፤ እነሱ ዘንድ ከምሳ በኋላ ዝንብም ዝር አላለም።

ከፖሊስ የመጣው መርማሪ ኮቱ የሰፋው፣ ቀጭን፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሲጠይቅ ሌላ ቦታ ያያል፤ ሲመለስለት ግን ዓይኑን ከሰው ላይ አይነቅልም። መጀመሪያ ያነሳው የሟቹን የእጅ አምባር ነበር። አምባሩ ድርጅቱ የሚሸጠው ዕቃ ነው፤ አረጋውያን ሲወድቁ ራሱ ለቤተሰብ ይደውላል ይባልለታል። የሠራውም ኢንጂነሩ ነው።

«መውደቁን ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ላይ መዝግቧል» አለ መርማሪው። «ለማንም ግን አልደወለም። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተቀዷል፤ ራሱን የመደርደሪያው ብረት መትቶታል። ገፍተውታል ማለት ነው። ያቺን ክፍል የሚከፍተው ቁልፍ ስንት ሰው ጋ ነው ያለው?»

ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰው ጋ ነበር፦ ሥራ አስኪያጁ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም የሆነው ቴክኒሻን፣ እና እሷ።

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን እያስተካከለ መለሰ። «ጠዋት ከተለያየን አላየሁትም። ስምንት ተኩል ላይ እዚህ ቡዙ ላይ ነበርኩ። ዝርዝሩን ይመልከቱ፤ ባጄ ተነቧል።»

በፌስቲቫሉ ላይ ወደ አንድ ቡዝ የመጣ ሰው ሁሉ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ባጅ በትንሽ መሣሪያ ይነበባል፤ ማን በስንት ሰዓት እንደመጣ ይመዘገባል። የሥራ አስኪያጁ ባጅ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ሦስት ላይ ተነቧል። የእሷም እንደዚሁ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ባጅ ግን የለም።

«የት ነበርክ?» አለው መርማሪው።

«ውጭ፣ አጥሩ ሥር ተቀምጬ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«አሥር ሺህ ሰው አይቶኛል። የሚያውቀኝ ግን አንድም የለም።»

«ከወንድምህ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«አልክድም። አምባሩ ሁለት ጊዜ ከወደቁ ለአንዱ አይደውልም፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መድረክ ላይ ወጥቼ እውነቱን እናገራለሁ አለኝ። ሥራችንን ገደል ልትከት ነው ብዬ ጮህኩበት። ከጋሼ ጋር የመጨረሻ ንግግራችን ይኸው ነው።»

ከመርማሪው ጋር የመጣው ፖሊስ ከልጁ አጠገብ ተጠግቶ ቆመ። እሷ ውኃ ልትቀዳ ዞር ስትል ሥራ አስኪያጁ ተከተላት።

«አንቺም እኔም ቡዙ ላይ ነበርን» አላት ቀስ ብሎ። «ባጄን ያነበብሽው አንቺው ነሽ። አይደል?»

የጎብኚው ቁጥር ከፍ ይበል ብሎ ጠዋት ያዘዛት እሱ ነው፤ ያደረገችው ግን እሷ ናት። ከተናገረች ሥራዋም ስሟም አበቃለት። ዝም ካለች ደግሞ ልጁ እስር ቤት መግባቱ ነው። ብርጭቆው ሞልቶ በእጇ ላይ ሲፈስ ቆማ ታይ ነበር፤ በራሷ አፈረች።

መርማሪው ሁሉንም ቡዙ ላይ ሰበሰባቸው። የመድረክ አስተባባሪውንና የጥበቃ ኃላፊውንም አስጠራ።

«ዝርዝሩን አየሁት» ብሎ ጀመረ። «ጎብኚ ሲመጣ እንደፈለገ ነው፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። እዚህ ግን በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ አምስት የድርጅቱ ሰዎች በአንድ ዓይነት ተራ፣ በሦስት ሦስት ሰከንድ ልዩነት ይመጣሉ። በዚህ ግርግር ውስጥ እንደ ወታደር የሚሰለፍ ሰው አላየሁም። ከአምስቱ አንዱ ኢንጂነሩ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከስምንት ላይ ባጁ እዚህ ተነቧል። በዚያ ሰዓት እሱ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ወድቋል፤ ባጁም አንገቱ ላይ ነው። ስለዚህ የተነበበው ትርፍ ባጅ ነው። ማን እንዳነበበው አውቃለሁ፤ ግን ራሱ ሰውዬው ቢናገር ደስ ይለኛል።»

ማንንም አላየም። ይኼ ነው የባሰባት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሰው አልመጣልንም ነበር። ለቁጥር ያህል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ትርፍ ባጆች በየጊዜው አነብ ነበር። የዚህ ልጅ ትርፍ ባጅ ጠፍቶበት ነው እንጂ እሱንም እጨምረው ነበር። ስምንት ተኩል ላይ እዚህ የነበርኩት ብቻዬን ነኝ። ሥራ አስኪያጁ አልነበሩም።»

«ራሷን ለማውጣት ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አስገባች እንጂ መች አወጣች» አለው መርማሪው፤ ወደ አስተባባሪው ዞሮም «የዘጠኝ ሰዓቱ ተናጋሪ መቼ ተቀየረ?» ሲል ጠየቀ።

«ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ። ሥራ አስኪያጁ እያለከለኩ መጥተው ኢንጂነሩ አይወጣም፣ እኔ እናገራለሁ አሉኝ። ስክሪኑን ለመቀየር መከራችንን አየን።»

«ኢንጂነሩ የሚጠበቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አለ መርማሪው። «ከዚያ በፊት ጠፋ ያለ ሰው የለም። እርስዎ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አላየሁትም ብለውኛል። ታዲያ እንደማይወጣ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ማን ነገረዎት?»

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ተው ብዬ ለመንኩት» አለ። «እምቢ ሲለኝ ገፋሁት። ሲወድቅ ሞተ ብዬ በሩን ዘጋሁት።»

«አልሞተም ነበር። አስከሬኑን ያየው ሐኪም እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ነፍሱ ነበረች ይላል።»

ይህን እሷም ገና መስማቷ ነው። የጥበቃ ኃላፊው ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያይ ጀመር፤ ልጁ ግን ዓይኑን እሷ ላይ ተክሏል።

«ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ወንድሜ ጠፋ፣ ፈልጉልኝ ብዬ ጥበቃዎቹ ጋ ሄጄ ነበር» አላት። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም። «ዝርዝሩን አይተው፣ አሁን ቡዛችሁ ላይ ነው፣ ባጁ ከተነበበ ሁለት ደቂቃው ነው አሉኝ። አኩርፎኝ ነው ብዬ ተውኩት። ባታነቢው ኖሮ ይፈልጉት ነበር?»

አላውቅም ማለት ትችል ነበር። ሁሉም እንዲያ እንድትል የጠበቁ ይመስሉ ነበር።

«አዎ» አለች። «ያገኙት ነበር።»