የሐዘን ቤት ኩሬ

ከከተማው የውሃ ማእከል የመጣችው የዓሣ ሐኪም ምንትዋብ ዓሣውን በብርሃን ጨርቋ ስትጠቀልለው ቆዳው እንደ ብርጭቆ ጠራና የልቡ ምት ታየ። ጨርቁ ለጥቂት ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ዓሣው ይደርቃል። እሷ ግን ስንት ዓመት ያየችው ነገር ነውና ወደ ልቡ ዞር አላለችም። የፈለገችው ስንጥቡን፣ ዓሣው የሚተነፍስበትን ክፍል ነበር። ደም መስሎ መቅላት ሲገባው እንደ ደረቀ ቅጠል ቡናማ ሆኗል።

ዓሣውን ቀስ ብላ ወደ ኩሬው መለሰችው። ሌሎቹ ዓሦች ውሃው ከቧንቧው በሚወርድበት ጥግ ተጨናንቀው፣ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይለምናሉ።

ሐይቁ እንዲያርፍ ለዓሣ አጥማጆች ከተዘጋ ወዲህ በሐዋሳ ኩሬ የሌለው ጓሮ የለም። በየኩሬው ሥርም አንድ ውሃ አንባቢ ይቀመጣል፤ ውሃውን እየቀመሰ የዓሦቹን ጤና ለባለቤቱ የሚናገር፣ ኤሊ የሚመስል መሣሪያ ነው። አብሮ ሲኖር የቤቱን አነጋገርና ወግ ይማራል።

«ውሃው እንዴት ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ደህና ነው።»

«ዓሦቹስ?»

«ደህና ናቸው፤ ተመስገን።»

የመሞከሪያ ወረቀቷን ውሃው ውስጥ ነከረች። ወረቀቱ ወዲያው ደማቅ ሮዝ ሆነ። ከሌላ እሽግ ሁለተኛ ወረቀት አውጥታ በሌላኛው ጥግ ሞከረች። ያው ነው። ናይትራይት የሚሉት መርዝ ነበር፤ ከበሰበሰ ምግብ የሚመጣ፣ ደም ውስጥ ገብቶ አየር እንዳይሸከም የሚያደርግ። የኩሬው ወለል ላይ ያልተበላ ምግብ እንደ ሊጥ አብጦ ተኝቷል።

«ይህን ሁሉ ማን ጣለው?» አለች ዞር ብላ።

አጠገቧ የቆሙት የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ፣ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ላሚሶ ሳይሰሙ እሷን የጠሯት እሳቸው ናቸው።

«ሁላችንም ነና» አሉ። «ለቅሶ የመጣ ሰው ምን ይናገራል ብለሽ ነው? ሚስታቸው ጥሩወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዓሦቿን ከልጅ አታሳንስም ነበር። የመጣው ሁሉ አንድ እፍኝ ጣል አድርጎ ከጋሽ ላሚሶ ጋር ይቀመጣል።»

ምንትዋብ ውሃ አንባቢውን አወጣችና ሆዱን ከፈተች። ይህ መሣሪያ ሲሰበርም ሲሳሳትም አይታ ታውቃለች። ውስጡ ያለው ልኬት ግን ከወረቀቷ ጋር አንድ ነበር። ከጥሩወርቅ ቀብር ማግስት ጀምሮ መርዙን በየቀኑ በትክክል ለክቷል።

«ታውቅ ነበር» አለችው። «ለምን ደህና ነው ትላለህ?»

«ቤቱ ሐዘን ላይ ነው» አለ። «መርዶ ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ዘመድ እስኪሰበሰብ እየጠበቅሁ ነበር፤ በማለዳ እነግራቸዋለሁ።»

«ማን አስተማረህ?»

«እትዬ አስካለ። ጋሽ ላሚሶ ከይርጋለም ሲመለሱ ‹ትንሽ አሟት ነው› አሏቸው። ጥሩወርቅ ግን ሞታ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሌሊቱን እዚህ ኩሬው ዳር ተቀምጠው ተማከሩና ሲነጋ ነገሯቸው። ሁሉም ደግ አደረጋችሁ አሉ።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «ይሄ ዕቃ ከልጆቻችን ይልቅ ጨዋ ሆኖ ቁጭ አለ እኮ» አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ስሚኝማ ልጄ፣ ለሳቸው እንዳትነግሪ። በገዛ እጃችን ገደልንባቸው እኮ። እባክሽ አርባው ይውጣ።»

«አርባው እስኪወጣ አንድም አይተርፍም።»

«አስካለ፣ እኔም እኮ ዓይን አለኝ።»

ጋሽ ላሚሶ ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ቆመዋል። «ቧንቧው ሥር መሰብሰብ ከጀመሩ ሰነበቱ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ ጋሼ?» ምንትዋብ ንዴቷን መደበቅ አልቻለችም።

«ምግብ አትጣሉ ብል ምን ይዘው ይመጣሉ? የሚጥለው ያለው ሰው ይቀመጣል፣ ያጫውተኛል። ባዶ እጁን የመጣው ‹ያጽናዎት› ብሎ ከደጅ ይመለሳል።» በእጇ ወዳለው መሣሪያ አዩ። «ይሄም ደህና ናቸው ሲለኝ ተመስገን እለዋለሁ። ማወቄን ቢያውቅ ይጨነቃል ብዬ።»

ምንትዋብ እጅጌዋን ሰበሰበች።

የበሰበሰውን ምግብ በጎማ ስበው አወጡ። የውሃውን ግማሽ አፍስሰው በርሜል ውስጥ የዋለ ንጹሕ ውሃ ተኩ። ምንትዋብ ጨው መዝና በባልዲ አሟሟች፤ ጨው መርዙ በስንጥቡ እንዳይገባ ይከለክላል። ጋሽ ላሚሶ ጉልበታቸው ድረስ ኩሬው ውስጥ ገብተው በእጃቸው አማሰሉት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥቂቶቹ ከቧንቧው ሥር ተበትነው መዋኘት ጀመሩ። ትልቁ፣ ጥሩወርቅ አለቃ ብላ የምትጠራው፣ በጎኑ እንደተኛ ቀረ።

«ይተርፋል?» አሉ ጋሽ ላሚሶ።

«አይተርፍም ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ አስካለ ባዶ እጃቸውን መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

ምንትዋብ መሣሪያዎቿን እያጠበች ሳለ ነገሩ ገባት። ውሃ አንባቢዎች የተማሩትን እርስ በርስ ይማማራሉ፤ የከተማውን የመጠጥ ውሃ የሚጠብቀው ትልቁ አንባቢም ከእነሱ ይማራል። በከተማው ስንት ቤት ሐዘን ላይ ነው? ሐዘን ያልነካውስ የትኛው ቤት ነው? ሰሞኑን የውሃ ማእከሉ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ደህና ነው፣ ደህና ነው የሚል ብቻ ነበር። ሁሉም በዚያ ሲደሰት ከርሟል።

የማእከሉ ኃላፊ ዘሪሁን ጆሮዋ ላይ ባለው ማዳመጫ ደወለ። ከኋላው የልጆቹ ሳቅ ይሰማል።

«ምንቴ፣ ምን አገኘሽ? ተበላሽቷል?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ልጆቹ አሁንም ይስቃሉ።

«ነገ በማለዳ እመጣለሁ» አለችው። «የሥራ ባልደረቦቻችንን ሰብስብልኝ። ብቻህን አትሁን።»

«ምነው? ውሃው ደህና ነው አይደል?»

«ደህና ነው» አለች ምንትዋብ።

ውሃ አንባቢው ኩሬው ጠርዝ ላይ ሆኖ ያዳምጣት ነበር።