ከእጅ የራቀው ብርጭቆ

ሽማግሌው በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ብርድ ልብሱ እስከ ደረታቸው ተስቧል፤ ዓይናቸው ተከድኗል። ራሳቸውን መርዳት ላቃታቸው ገንዘብ የሚሰጠው የድጎማ መሥሪያ ቤት የላከው ወጣት ገምጋሚ «አባባ፣ እንደምን አደሩ» አላቸው። ደገመላቸው። ሦስተኛውን ሳይጨርስ እጃቸውን ነካና ስልኩን አወጣ። የመጣው መንቀሳቀስ ይችሉ እንደሆነ ሊያይ ነበር። ሴት ልጃቸው ከመድኃኒት ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ አግኝታው፣ በሩን በቁልፍ ከፍታ ያስገባችው ራሷ ናት። አሁን የመድኃኒቱን ከረጢት እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ ቀረች።

በስልኩ ጥሪ የመጣው ሐኪም ትራሱን ሲያነሣ ማጅራታቸው ላይ ያበጠ ቁስል አየ። መርማሪዋ የተጠራችው በዚህ ምክንያት ነው።

መርማሪዋ ጉልበቷን የሚያማት፣ ደረጃ በወጣች ቁጥር የሠራውን ሰው የምትረግም አጭር ሴት ናት። ትንፋሿ እስኪመለስ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘችው። ጠራራ ፀሐይ ውጭ እያለ እዚህ መብራት በርቷል። ወፍራሙ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ጤነኛም ሰው አንድ ሳምንት ቢከርም ይታመማል።

ከአልጋው በስተግራ በርጩማ አለ፤ ላዩ ላይ ገና ያልደረቀ ክብ የውሃ ምልክት። በስተቀኝ፣ ከአልጋው ራቅ ብሎ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ተቀምጧል። የሟቹ ፒጃማ ቁልፎች አንድ ቀዳዳ ስተው ተቆልፈዋል። አገጫቸው ተላጭቶ ያበራል፤ ከመንጋጋቸው በታች ትንሽ የምላጭ ቁስል አለ። መርማሪዋ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ግራጫ ሱፍ ተሰቅሏል፤ ኮሌታው ላይ ያልደረቀ የመላጫ ሳሙና።

«አልታዘዝ ያላቸው ቀኝ ጎናቸው ነው?»

«አዎ። ስትሮክ መቷቸው። ከአልጋ አይወርዱም ነበር» አለች ሴት ልጅ።

«ታዲያ ማን ላጫቸው?»

ሴትዮዋ የመድኃኒቱን ከረጢት መሬት አስቀመጠች።

«እህቴ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ተረከዛቸውን ዳስሼዋለሁ። የሚራመድ ሰው ተረከዝ ነው።»

ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ ልትቀመጥ አለችና አባቷን አይታ ተነሣች።

«መጀመሪያ ድጎማውን ስንጠይቅ እውነትም አቅቷቸው ነበር። ማንኪያ እንኳ አይዙም። ግን ገምጋሚው ሲመጣ ሱፌን አልብሺኝ አሉ። ‹እንግዳ ተጋድሜ ልቀበል?› ብለው ቆሙ። ተከለከልን። ከዚያ መላ መጣ።»

መላ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ነርስ የነበረ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ ለሽማግሌዎች ድጎማ ያስጨርሳል፤ ለሁሉ መላ አያጣም።

«ጢማቸውን አትላጩ፣ ከአልጋ አይውረዱ አለን። ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ መጋረጃውን ዘጋሁት። እየተሻላቸው ሲመጣ ደግሞ ሰው እንዳይሰማ በካልሲ ነበር የሚሄዱት። ስወጣ ከውጭ እቆልፍባቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው! ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው። እኔም ሥራዬን ለቅቄያለሁ፤ የምንበላው ከዚያው ነው።»

«ትናንትስ?»

«‹ነገ ገምጋሚውን ቆሜ ነው የምቀበለው፤ እውነቱን ነግሬው ፀሐይ ልሙቅ› አሉ። አልቅሼ ለመንኳቸው። እምቢ ሲሉኝ ለወንድሜም ለመላም ደወልኩ፤ ምከሩልኝ ብዬ።»

«ሁለቱም ቁልፍ አላቸው?»

«አላቸው።»

ወንድሟ ይህን ከበሩ ማዶ ሰምቶ ኖሮ ዘው ብሎ ገባ። «ቁልፍማ አለኝ! እንጀራዋ ሊቀር የነበረው ግን የእኔ አይደለም። ለማን ነበር እሳቸው ታመው መኖራቸው የሚጠቅመው? ይቺን ይጠይቁ!»

እህቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የተናገረው ሁሉ እውነት ይመስል ነበር፤ እስር ቤት የሚያስገባም እንዲህ ያለው ነው።

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች። «ቤቱ ይሸጥ እያሉ ከአባትዎ ጋር ይጣሉ ነበር ይላሉ ጎረቤቶች።»

«ማን ነው… ተነጋግረናል። ያ ሌላ ነው።»

«ውሃ የሚጠጡት በየትኛው እጃቸው ነበር?»

«ማን? አባዬ?» ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሄደ። «በ… በቀኝ መሰለኝ።»

ቀኝ እጃቸው ከሞተ ቆይቷል። እህቱ አንገቷን ደፋች። ብርጭቆው ያለው በቀኝ በኩል ነውና መርማሪዋም መልሱን በልቧ ያዘች።

መላ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ረጅም፣ ልብሱ ንጹሕ፣ ድምፁ የታማሚ ክፍል የለመደ ሰው።

«ነፍሳቸውን ይማር። እኔማ እዚህ ደጅ ከመጣሁ ወር አልፎኛል» አለ። «ልጅቷ ስትደውልልኝ ተያቸው፣ ያረጀ ሰው አመሉ ነው አልኳት። ዛሬም ሞቱን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«ከየት?»

«ከቤቴ ነዋ፣ እመቤቴ።»

ገምጋሚው ሊሰናበት ሲል መርማሪዋ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ ጠየቀችው። «ምድር ቤት ያሉ አንዲት እናት ጋ ቀጠሮ አለኝ» አላት። እሷም ጉልበቷን እያሸች ተከትላው ወረደች።

አሮጊቷ ተኝተዋል። የእሳቸውም ብርጭቆ ከእጃቸው በራቀ መደርደሪያ ላይ ነው። የሹራባቸው ቁልፍ አንድ ቀዳዳ ስቷል። መርማሪዋ ገምጋሚውን በር ላይ አቁማ ብቻዋን ገባች።

«እማማ፣ ውሃው ምነው ራቀብዎት?»

«መላ ነዋ! ‹እጅሽን ዘርግተሽ ሳይደርስልሽ ሲቀር ገምጋሚው ይየው› ይለኛል። ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ልጄ፤ እባክሽ አቀብይኝ።»

«የሹራብዎ ቁልፍስ?»

«እሱም የሱ ጥበብ ነው። ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የሚያስተኛው። ዛሬ ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ ጠዋት ከላይ ወርዶ ሲመጣ ሰላምታዬን እንኳ አልሰማኝም።»

መርማሪዋ ውሃውን አጠጣቻቸው፤ ቁልፎቻቸውንም አስተካክላ ቆለፈችላቸው። ከዚያ ያን የተረገመ ደረጃ እንደገና ወጣች።

አስከሬኑ ተወስዶ ነበር፤ የአሻራ ባለሙያውም ብርጭቆውን አይቶ ጨርሷል። ሁሉንም ባዶው አልጋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው፤ ገምጋሚውንም ጭምር።

«ከአገጫቸው ልጀምር» አለች። «ለግምገማ ጢም አይላጭም፤ የዚህ ቤት ሕግ ነው። አባታችሁ ግን ተላጭተዋል፣ የቆረጣቸውም ግራ እጃቸው ስላልለመደ ነው። የሱፉ ኮሌታ ላይ ሳሙና አለ። ስለዚህ ተላጭተው፣ ሱፋቸውን ሳይቆልፉም ቢሆን ለብሰው፣ ቆመው እንግዳ ይጠብቁ ነበር። ሌላ ሰው ገባ። ተጨቃጨቁ፤ ተገፉ፤ የአልጋው ብረት ማጅራታቸውን አገኘው። ገዳዩ ሱፉን አውልቆ ሰቀለው፣ ፒጃማ አልብሶ አስተኛቸው። የተላጨ ጢም ግን መልሶ አይተከልም።»

«ይህን ሁላችንም ልናደርገው እንችል ነበር» አለ ወንድምየው፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«እርስዎ ብርጭቆውን በቀኝ ሊያኖሩት ይችሉ ነበር፤ የሚሠራው እጅ የትኛው እንደሆነ አያውቁማ። አልጋው አጠገብ ግን ያኖሩት ነበር፤ ለተኛ ሰው ውሃ ከእጁ አርቆ የሚያስቀምጥ የለም።» ወደ ሴት ልጅ ዞረች። «ብርጭቆውን መቼ አጠብሽው?»

«ጠዋት፣ ልወጣ ስል። ሞልቼ በርጩማው ላይ ተውኩላቸው። በግራ።»

«ምልክቱ አሁንም አለ። አንድ ሰው ከዚያ አንሥቶ መስኮቱ ጋ ወሰደው። ለምን? ጥያቄው ይኸው ነው። ለሞተ ሰው ውሃው ቢቀርብ ቢርቅ ምን ይጠቅማል? ምንም። ሰውየው ግን አልጋ ላይ ሰው ሲያስተኛ እጁ የለመደው ይህንን ነው፦ የልብስ ቁልፍ ማዛነፍ፣ ብርጭቆ ማራቅ። ጭንቅላቱ ሌላውን ሁሉ ሲያስብ እጁ የራሱን ሥራ ሠራ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ።»

መላ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እኔ እኮ ወር አልፎኛል…»

«ምድር ቤት ያሉት እናት ዛሬ ጠዋት ከላይ ሲወርዱ አይተውዎታል። ይሁን፣ አርጅተዋል እንበል። ዛሬ በታጠበው ብርጭቆ ላይ ግን ከልጅቷ ሌላ የአንድ ሰው አሻራ አለ። ጣትዎን ያውሱን፤ የእርስዎ ካልሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

መላ እጆቹን አያቸው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል።

«ልለምናቸው ነበር የመጣሁት» አለ። «‹ሂድ ከቤቴ፣ አንተ ነህ በቁሜ የቀበርከኝ› አሉኝ። እሳቸው አንድ ቃል ቢናገሩ ያስጨረስኩላቸው ሰዎች ሁሉ ይመረመሩ ነበር። ስንቱ ሽማግሌ በእኔ እንደሚኖር ታውቃላችሁ? ገፋኋቸው። አንዴ ብቻ ነው የገፋኋቸው።»

ሲወስዱት በካቴና የታሰሩ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣብቆ ወጣ። ወንድምየው ወደ እህቱ ዞረ። እሷ የምታየው ገምጋሚውን ነበር።

«ቆመው ቢያገኟቸው ድጎማው ይቋረጥብን ነበር?» አለችው።

ወጣቱ ጥያቄ መጠየቅ እንጂ መመለስ አልለመደም። «የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ይችሉ ነበር?»

«በአንድ እጅ? አይችሉም።»

«መታጠብስ?»

«እኔ ነኝ የማጥባቸው።»

«ደረጃውንስ?»

«ካልደገፍኳቸው አይሆንም።»

ገምጋሚው ቦርሳውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «እንግዲያው ይገባቸው ነበር። ከዘራ ይዞ መቆም አይከለክልም። መጀመሪያም የተከለከሉት ስለቆሙ አልነበረም። ያኔ የመጣሁት እኔ ነኝ። ስለ ሁሉም ነገር ጠየቅኳቸው፤ ‹ሁሉንም ራሴ እሠራለሁ፣ ልጄን አላስቸግርም› አሉኝ። እንዳሉኝ ጻፍኩ።»

ሴትዮዋ ባዶውን አልጋ አየች። አባቷ ሁለት ጊዜ ዋሽተዋል፤ አንዴ ለክብራቸው፣ አንዴ ለእሷ። ድጎማውን ለማግኘት እውነቱ ይበቃቸው ነበር። ሊናገሩት ያሰቡት ደግሞ ዛሬ ነበር።

ወደ መስኮቱ ሄዳ መርፌ ቁልፎቹን ከታች ወደ ላይ መንቀል ጀመረች። ወንድሟ ቁመቷ እንዳልደረሰላት አይቶ ሊያግዛት ተጠጋ።

«ተው» አለችው። «የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

በርጩማውን ስባ ወጣችበት።