ውሃ ያልነካት ቮልስ

ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ሊሊሴ ጋራዡ በር ላይ ስትደርስ፣ የግቢውን ባለቤት አዛውንቱን ኦቦ ሞሲሳን በድንጋዩ ደፍ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ቀርቶ አገኘቻቸው። የሰኔ ሰማይ ጠቁሮ በነቀምቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዝናቡ ግን እንቢ ብሏል። ሰፈርተኛው አጥሩን ከቦ ያንሾካሹካል። ሬሳ ባለበት ግቢ ሹክሹክታ ደግ ነገር ወልዶ አያውቅም።

ሳጅን ኢቢሳ ጉዳዩን ጨርሶ ነበር የጠበቃት።

«ገዳዩ ተይዟል» አላት ደረቱን ነፍቶ። «አሚን ነው፤ ያ የሽማግሌውን ቮልስ ሲንከባከብ የኖረው የወሎ ሰውዬ። ትናንት ሲመሽ ከዚህ ግቢ ሲወጣ ታይቷል። ስንፈትሸው ኪሱ ውስጥ አዲስ ገመድ ተገኘ። ሽማግሌውን ሊያስርበት ኖሯል።»

«ገመዱን አሳየኝ።»

ከቃጫ የተገመደ፣ እንደ ጫማ ክር የቀጠነ፣ ርዝመቱም ከአንድ ክንድ ብዙ የማያልፍ ነበር። ሊሊሴ ጣቷ ላይ ጠቅልላ ፈታችው።

«በዚህ እንኳን ሰው ዶሮም አይታሰርም» አለችና መለሰችለት። ኢቢሳ ገመዱን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሊሊሴ የአንድ የጉቶ ጊዳ ወረዳ በሬ ነጋዴ ልጅ ናት። ገበያ መሃል ያደገ ሰው ከሻጭ አፍ ይልቅ የሻጭን እጅ ማየት ይለምዳል፤ እሷም ያንን ዓይን ይዛ ነው ፖሊስ የሆነችው። ሬሳውን ትታ በመጀመሪያ መኪናዋን ዞረች።

ቮልሷ ኦቦ ሞሲሳ ወጣት የቡና ነጋዴ ሳሉ፣ በ1962 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ራሳቸው ነድተው ያመጧት ናት። ሰማያዊ ቀለሟ የፋብሪካው፣ ወንበሯ የፋብሪካው፣ ከጎማዋ በቀር የተለወጠላት ነገር የለም። «ለምን አያሳድሷትም?» ያላቸው ሰው ቡናውን ሳይጨርስ ይሸኝ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ የአብስራ የሚባል የአሮጌ መኪና ሰብሳቢ፣ ያልታደሰች መሆኗን ሰምቶ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ የከተማውን ደላላ ተረፋን ይዞ ደጅ ሲጠና ሰንብቷል።

ከመኪናዋ ስር ውሃ አቁሯል። የበሮቿ ጠርዝ አሁንም ያንጠባጥባል። ሊሊሴ ተንበርክካ በባትሪ ስታበራ፣ የፊት ፓራውልቱ ብረት ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ውሃው ያልደረሰበት የደረቀ ደም አየች። የተፈነከተ ጭንቅላታቸው ባረፈበት ደፍ ላይ ግን የደም ምልክት እምብዛም አልነበረም። ሰውዬው የወደቁት እዚህ ሆኖ ወደዚያ ተጎትተዋል ማለት ነው።

በግድግዳው ላይ ያረጁ የበሬ ገመዶች በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል። አንዱ ሚስማር ባዶውን ቀርቷል።

በመጨረሻ ወደ ሬሳው ተመለሰች። የመኪናዋ ቁልፍ በቆዳ ጠፍር ታስሮ አንገታቸው ላይ ነበር፤ ጠፍሩ ከኮታቸው በላይ ወጥቷል። ሬሳውን ያገኘችውን የቤታቸውን አብሳይ ጠራቻት።

«አዴ ድንቅነሽ፣ ኦቦ ሞሲሳ ቁልፋቸውን እንዲህ ከኮት በላይ ነው የሚያደርጉት?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ልጄ! ከሸሚዛቸው ስር፣ ከገላቸው ጋር ነው እንጂ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳበስልላቸው ጫፉን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሊሊሴ ጠፍሩን ነካችው፤ እርጥብ ነው። ቋጠሮውም ሁለቴ ዞሮ በራሱ ውስጥ ተመልሶ የገባ፣ ጥብቅ ያለ ነው። በስልኳ ቀርባ ፎቶ አነሳችው።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የአሚን ሚስት ሩክያ የምሳ ዕቃዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሊሊሴን ስታይ ተነሳች።

«የኔ እናት፣ ጠዋት ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ወረደ። ‹ነገ ኸቀብር መልስ እንመጣለን› ብለውናል። ልጆቼን ይዤ ወዴት ልሂድ?»

ሊሊሴ ሰዓቷን አየች። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለው ዛቻ ዛቻ ብቻ ሆኖ የማይቀርበትን ቀን አይታለች። እንግዲህ ያላት ጊዜ እስከ ነገ ቀብር ነው።

አሚን ጎልማሳነቱን አልፎ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ጣቶቹ በዘይት የጠቆሩ ሰው ነው።

«ሰኞ ማታ ለምን ሄዱ?»

«ብናገርም የሚያምነኝ የለም።»

«ይንገሩኝ፤ ማመኑን ለኔ ይተዉት።»

«ቮልሷን ሸጡልኝ። ባንዲት ጊደር።» ኢቢሳ ከጀርባ በሳቅ ፈነዳ። አሚን ግን ቀጠለ፦ «‹ያ ያዲሳባ ልጅ መስታወት ቤት አስገብቶ እንደ ሬሳ ሊያስጎበኛት ነው። አንተ ግን ትነዳታለህ። ኸነነፍሷ ያቆየሃት አንተ ነህ› አሉኝ። ተጨባበጥን። ጠፍሩን ኸቁልፉ ፈተው ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ ቁልፉን እመኪናዋ ውስጥ ተዉት። በነጋታው ጊደሯን ነድቼ፣ ምስክር ይዤ ልመጣ ነበር።»

«ጠዋት ስናያት ታጥባ ነበር።»

አሚን ካቴናውን ረስቶ ብድግ አለ። «በምን?»

«በውሃ።»

«ወላሂ ይህን ያረገ ሰው አያውቃትም! እኔ ኸልጅነቴ ጀምሮ በዘይት ጨርቅ ነው የምወለውላት። ክረምት ኸገባ ኸጋራዥ አትወጣም። ውሃ ብትነካ ኖሮ ዛሬ ዝገት በልቷት አልነበረም?» ስለ ራሱ ያላለቀሰ ሰው ለመኪናዋ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ሆቴል ውስጥ የተገኘው የአብስራም ከዚህ አልተሻለም። «ውሃ?» አለ ራሱን ይዞ። «ኢንስፔክተር፣ በቀለሟ ላይ ያለው አቧራ እንኳ እንዳይነካ ለምኛቸው ነበር እኮ! ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?»

«ጠፍራቸውንስ ያውቁታል?»

«የምን ጠፍር?»

አጠገቡ የተቀመጠው ደላላው ተረፋ ጣልቃ ገባ። «እኔ ደላላ ነኝ፤ ዋሽቼ አውቃለሁ፣ አልክድም። ‹ውሃ ያልነካት መኪና› ብዬ ስሸጥ ግን እንደ ዘንድሮ እውነት ተናግሬ አላውቅም። ሰኞ ከሰዓት ‹ለእናንተ አልሸጥም› ብለው አባረሩን። የእርግማን ነገር አለበት ይህ ጉዳይ።»

ማክሰኞ ከሰዓት የሟች የወንድም ልጅ ባይሳ በለቅሶ ቤቱ ደረቱን እየደቃ ሲያለቅስ ተገኘ። ከነቀምቴ ብዙ በማትርቀው ሲሬ ወፍጮ ቤት አለው፤ ልጅ ያልወለዱት የኦቦ ሞሲሳ ወራሽም እሱ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የባይሳ ጩኸት ግን ከእንባው ይበልጥ ነበር።

«ከሲሬ መቼ መጡ?»

«ዛሬ ስልክ ሲደወልልኝ ነዋ! ምን አለ ትናንት መጥቼ በነበር!»

«ድሮስ ይመላለሱ ነበር?»

«በአባቴ መሬት የተነሳ ተኳርፈን ኖረናል። ወጣት ሳለሁ ነው ደጃቸውን የለቀቅኩት። የታረቅነው ገና ለፋሲካ ነው።»

«መኪናዋ ታጥባለች። አይገርምዎትም?»

«ምን ይገርማል? ለገበያ የቀረበ ነገር አይታጠብም እንዴ? አባ ሞሲሳ ንጹህ ሰው ነበሩ።»

«ሽያጩ ተፈጽሞ ነበር ይባላል።»

«የምን ሽያጭ!» ባይሳ እንባውን ጠራረገ። «ጠፍሩ ከነቁልፉ አንገታቸው ላይ ተገኝቶ የለ? በአገራችን እንዲያ ሆኖ ሽያጭ የለም።»

«እውነት ነው» አለች ሊሊሴ። «ገለቶማ» ብላ አመስግናው ወጣች።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ድንኳኑ ሞላ። መዝሙር ይዘመራል፤ ወጣቶቹ ግን በድንኳኑ ጀርባ በቡድን በቡድን ቆመው ጫማቸውን እያዩ ያወራሉ። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ቀኑን አጨለመው። አሚን በካቴና ታስሮ ከፖሊስ መኪና ሲወርድ መዝሙሩ ተቋረጠ፤ ከወጣቶቹ አንዱ አጎንብሶ ድንጋይ አነሳ። ሩክያ በአጥሩ ማዶ ልጆቿን ከኋላዋ ሸሽጋ ቆማለች።

ሊሊሴ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዳ መሃል ቆመች። ተረፋና የአብስራ ከአንድ አግዳሚ ተቀምጠዋል። ወደ ባይሳ ዞራ ቁልፉንና ጠፍሩን ለየብቻ ሰጠችው።

«ወራሹ እርስዎ ነዎት። ለምርመራ ስንል ፈትተነዋል፤ እንደ ነበረ አስረው ይያዙት።»

ባይሳ አመስግኖ፣ ጠፍሩን በቁልፉ ቀዳዳ አሳልፎ፣ ሁለቴ አዙሮ በራሱ ውስጥ መለሰና ጎተተው። እጁን እንኳ አላየም። ሊሊሴ ተቀብላው ከስልኳ ጎን አደረገችውና ለሽማግሌዎቹ ዘረጋችው።

«ይህ ፎቶ የተነሳው ማክሰኞ ጠዋት፣ ጠፍሩ ሬሳው አንገት ላይ ሳለ ነው። እስቲ ሁለቱን ቋጠሮ ተመልከቱልኝ።»

አንዱ ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። «ይኼማ የጆንያ ቋጠሮ ነው» አሉ። «ወፍጮ ቤት ዱቄት የሚታሰርበት።»

ሰዉ ስልኩን ሊያይ ተንጠራራ። ባይሳ ከንፈሩን ሊያርስ ሞከረ።

«ኦቦ ሞሲሳ የሞቱት ደፉ ላይ ወድቀው አይደለም» አለች ሊሊሴ። «ተገፍተው ጭንቅላታቸው የመኪናዋን ፓራውልት መታ። ደሙ እዚያ ቀርቷል። ገዳዩ ደሙን ሊያጥብ ውሃ ቀዳ። በአቧራ መሃል ፓራውልቱ ብቻ ቢጸዳ እንደሚያስታውቅ ገባው፤ ስለዚህ ሙሉውን አጠባት። ‹ለሽያጭ ታጠበች ይባላል› ብሎ ነው። ነገር ግን ይህች መኪና ውሃ ነክቷት አያውቅም። አሚን ያውቃል፣ አቶ የአብስራ ያውቃሉ፣ አቶ ተረፋ በየሱቁ ሲለፍፉት ከርመዋል። ሦስቱም መታጠቧን ሲሰሙ ተገረሙ። ‹ምን ይገርማል› ያሉኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ያን ሁሉ ዘመን በኩርፊያ ደጁን ያልረገጡት።»

«አለማወቅ ወንጀል ነው?» አለ ባይሳ። ድምፁ ቀጥኗል።

«አይደለም። ለዚህ ነው ጠፍሩ ያስፈለገኝ። በእኛ አገር በሬ ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም። ሻጭ ገመዱን ፈትቶ ቤቱ ይሰቅላል፤ ገዢ የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል። አባቴ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ኦቦ ሞሲሳም የየበሬያቸውን ገመድ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል። ሰኞ ማታ ጠፍሩንም ፈተው ሰቀሉ። ሸጠዋል ማለት ነው። ለማን? ኢቢሳ፣ የአሚንን ገመድ አምጣው።»

ኢቢሳ አንገቱን ደፍቶ ያችን ቀጭን ቃጫ አወጣ።

«በዚህች ሰው አይታሰርም አልኩህ። ቁልፍ ግን ይንጠለጠልባታል። አሚን የገዢ ገመዱን ገምዶ በኪሱ ይዞ ነበር። ገዝቶ የጨረሰ ሰው ሻጩን ለምን ይገድላል?» ሊሊሴ ወደ ባይሳ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ሽያጩ እንዲፈርስ የሚፈልግ ሰው ግን ጠፍሩን ከሚስማሩ ያወርዳል፤ መኪናዋን ባጠበበት እርጥብ እጅ ቁልፉን ያስርበታል፤ ሬሳው አንገት ላይ ያጠልቀዋል። ከሸሚዝ ስር እንደሚውል ስለማያውቅ ከኮት በላይ ያደርገዋል። አቶ የአብስራ የተሰቀለ ጠፍር ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም። አቶ ተረፋ መታጠብ እንደሌለባት ያውቃሉ። ልማዱን የሚያውቁ፣ መኪናዋን ግን የማያውቁ፣ ሽያጩ ቢፈርስ የሚወርሱ አንድ ሰው ቀሩ። አመል ያወጣል ከመሃል፤ እጅዎ ለምዶበት አሰረ።»

ባይሳ ሊቀመጥ ፈልጎ ወንበሩን ስቶ መሬት ተቀመጠ።

«በአንድ ጊደር!» አለ ድንገት እየጮኸ። «ጠፍሩን ተሰቅሎ ሳየው ለአዲስ አበባው ሰው ሸጡ ብዬ ደስ አለኝ። ‹ለአሚን፣ በአንድ ጊደር› አሉኝ እየሳቁ። እየሳቁ! አንዴ ነው የገፋኋቸው፤ አንዴ ብቻ።» ከዚያ በኋላ ያለቀሰው ለቅሶ የእውነት ነበር፤ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ዝምታ የበዛበት።

ኢቢሳ ካቴናውን ከአሚን እጅ አውጥቶ ባይሳ ላይ አጠለቀው። ከድንኳኑ ጀርባ ድንጋይ መሬት ሲወድቅ ተሰማ። ያ ወጣት መዳፉን ሱሪው ላይ እየጠረገ ከሰው ኋላ ተሸሸገ።

ሊሊሴ ቁልፉን ከጠፍሩ ፈታ ለአሚን ሰጠችው። አሚን የራሱን ቃጫ ከኢቢሳ ተቀብሎ አሰረበትና ከሸሚዙ ስር አጠለቀው። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ቀይ ጊደር እየነዳ ነበር፤ የሟቹ በረት በር ላይ አቁሞ ገመዷን ፈታና ለራሱ ያዘ።

«ማን ይቀበልሃል አሁን?» አለች ድንቅነሽ እያነባች።

«ቃል ነው፣ እቴ። ሰውየው ቢሞቱም ቃላቸው አልሞተም።»

አስከሬኑ ሲነሳ ያ ዝናቡን አምቆ የከረመው ሰማይ ተቀደደ። ሕዝቡ ጃንጥላውን ሲዘረጋ፣ ከጋራዡ የቮልሷ ሞተር ተነሳ። አሚን በቀስታ ወደ ዝናቡ አወጣት። የአብስራ እየሮጠ መጥቶ መስኮቷን ያዘ።

«ጋሽ አሚን፣ እባክዎ! ዝናብ ነው፣ ትበላሻለች!»

«አንዴ ነክቷታል» አለ አሚን። «ባለቤቷን ሳትሸኝ አትቀርም።»

ሊሊሴ ጋራዡ ውስጥ ብቻዋን ቀርታ ጠፍሩን ባዶው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ስትወጣ ቮልሷ ሰማያዊ ጀርባዋ በዝናብ እየታጠበ ከሬሳው ኋላ ኋላ ትሄድ ነበር፤ ሩክያና ልጆቿም በጭቃው ውስጥ ተከትለዋታል።