የወፈረው ድምፅ

ፍላሹ የመጣው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በመወልወያ ባልዲ ውስጥ ነው።

«ምንድን ነው እትዬ?» አለች መርፌ፣ አንገቷን ሳታዞር።

የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወላቸውን አላቆሙም። «ከስብሰባ ክፍሉ የቀዳሁት ነው። ከኛው ውስጥ አንዱ እየሸጠን ነው። ማን እንደሆነ ስሚና ለበላዮቻችን ላኪ። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው ያለሽ።»

መርፌ የስለላ ስሟ ነው። በዚህ የጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ቢሮ ግን የድምፅ ባለሙያ ናት፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ማይክሮፎናቸውን ስትጠግን ኖራለች።

በሯን ዘግታ ማዳመጫዋን አጠለቀች።

ድምፁ ወፍሯል፤ ይጎተታል፤ በየመሀሉ ይንጫጫል። ሰው ይሁን ጅብ አይለይም።

ማዳመጫ ቀየረች። ያው ነው። ገመዱን ነቅላ ሰካች። ያው።

አምስት ሰዓት ከአርባ።

«ተረጋጊ እንጂ፤ ሥራሽ አይደል?» አለች ለራሷ። የፋይሉን ዝርዝር ከፈተች። የተቀዳው በሰከንድ በአርባ ስምንት ሺህ ናሙና ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን በአሥራ ስድስት ሺህ ብቻ ነው የሚያጫውተው፤ ለዚህ ነው የሚጎተተው። ማስተካከያው ውስጥ ገብታ ሁለቱን እኩል አደረገቻቸው።

ድምፁ ጠራ።

ጋሼ ነበር።

መልምሎ ያሠለጠናት፣ እናቷ የሞተች ጊዜ ከጎኗ ያልተለየው አለቃዋ። «ድምፅ ክፍል ያለችው የኔ ሰው ናት» ይላል። «ስድስት ሰዓት ላይ መጥቼ አስረክባችኋለሁ። የሌሎቹንም ስም ዝርዝር።»

ስልኳ ጠራ። ራሱ ጋሼ።

«አንቺ ልጅ፣ ቅጂ አለ ሲሉ ሰማሁ። ደርሶሻል?»

«ደርሶኛል ጋሼ። ግን ተበላሽቷል፤ ምንም አይሰማም።»

«በይ ለማንም እንዳትልኪው። ከዚያ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ቅጂውን ከጋሼ በላይ ላለው ኃላፊ ላከችና ፍላሹን ሰበረችው።

በሯን ስትከፍት እትዬ ኮሪደሩን እየወለወሉ ነው፤ ከጫፉ የጫማ ኮቴ ተሰማ። ጋሼ አላመናትም፤ ጥበቃዎቹን ልኳል።

«እትዬ፣ አብረን እንውጣ!»

«ሁለታችንም ከሮጥን ሁለታችንም እንያዛለን። ሂጂ የኔ ልጅ።»

እትዬ ባልዲውን እንዳለ ወለሉ ላይ ደፉት። «ኧረ ቀስ በሉ! አሁን የወለወልኩትን!»

ጥበቃዎቹ ተንሸራተው እርስ በርስ ተላተሙ። መርፌ በኋላ በር ወጣች።

የኃላፊው ሰዎች ጋሼን ከመኪናው ሲወርድ ያዙት። ዘጠኝ ሰላዮች ተረፉ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ለመርፌ አዲስ መታወቂያ ሰጣት።

«እትዬስ?»

«የትኛዋ እትዬ?» ቀና ብሎ አላያትም። «እንደዚህ የምትባል ሴት መዝገባችን ውስጥ የለችም።»

መታወቂያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከሰዓት በኋላ በአዲሱ ስሟ አውቶቡስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ፊቷን አየት አደረገችና «ምነው እህቴ፣ ሐዘን ነው እንዴ?» አለቻት።

«አይ» አለች። «ሥራ ፍለጋ ነው።»